የአሸንዳ ማጽጃ ማሽን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የጽዳት ሥራ አለኝ። በጋውን ምንጣፍ፣ ሶፋና መስታወት ነው። ግንቦት ሲገባ ግን ስልኩ ይለወጣል፤ ሁሉም የሚደውለው ስለ ጣሪያው ነው። ይህን ሥራ መጀመር የሚፈልጉ ልጆችም ይደውላሉ፣ ጥያቄያቸውም ይመሳሰላል። አንዴ ጽፌው ልገላገል አልኩ።

በነገራችን ላይ የማወራው ከቆርቆሮው ጫፍ ውሃ ስለሚቀበለው አሸንዳ ነው። ልጃገረዶች ስለሚጨፍሩበት አሸንዳ ፈልጋችሁ ከመጣችሁ ተሳስታችኋል። እኔም አንድ ዓመት ማስታወቂያዬን ነሐሴ 16 ሰሞን ፌስቡክ ላይ ለጥፌ በበዓሉ ፎቶዎች መሃል ጠፍቶ ቀርቷል።

ማሽን ሳልገዛ መጀመር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። እኔን ካላችሁኝ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ያለ ማሽን ነው ማሳለፍ ያለባችሁ። የሚያስፈልገው ጥሩ መሰላል፣ ሁለት ባልዲ፣ ገመድ፣ ወፍራም ጓንት፣ ሄልሜት፣ የደህንነት ቀበቶ፣ ረጅም የውሃ ጎማ እና ጆንያ ነው።

የጭቃ ማውጫውን በገንዘብ አትግዙ። የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውሰዱና ከታች በኩል ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡት። መያዣው መያዣ ሆኖ ይቀራል፣ የተቆረጠው በኩል አካፋ ይሆናል። ፕላስቲኩ ስለሚተጣጠፍ የአሸንዳውን ቅርጽ ተከትሎ ይሄዳል። የግንበኛ ማንኪያ ይዛችሁ እንዳትወጡ። የቆርቆሮውን የዚንክ ልባስ ይፍቀዋል፤ ትንሽ ቆይቶ በጫራችሁበት መስመር ላይ ዝገት ይወጣል። ደንበኛው ማን እንደጫረው አይጠፋውም።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ግዙ፦ ደብተር። የሠራችሁትን እያንዳንዱን ቤት ጻፉ። ስንት ፎቅ ነው፣ አሸንዳው ስንት ሜትር ነው፣ ስንት ሰዓት ፈጀ፣ ውስጡ ምን ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ እምቢ ያላችሁትን ሥራ ጻፉ፣ ለምን እምቢ እንዳላችሁ ጭምር። ማሽን መግዛት አለመግዛታችሁን የሚወስነው ይህ ደብተር ነው፤ የሻጩ ቪዲዮ አይደለም።

የአሸንዳ ማሽን የሚባለው ምኑ ነው?

ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው እርጥቡንም ደረቁንም የሚስብ ትልቅ ቫኪዩም ሲሆን፣ ከመሬት ሆናችሁ ወደ ላይ የምትሰዱት ረጅም ዘንግ አለው፤ ጫፉ እንደ ከዘራ ታጥፎ አሸንዳው ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው በግፊት ውሃ የሚረጭ፣ ላቫጆ ቤት የምናውቀው ነው። ሦስተኛው ቅጠል በአየር የሚነፋ ነው። ሦስተኛውን እርሱት። ጎረቤት ግቢ ላይ አራግፋችሁ የምትሰሙትን ስድብ ማሽኑ አይከፍልላችሁም።

ሰው "ልግዛ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ ስለ መጀመሪያው ነው። ከዚህ በታች "ማሽን" ስል እሱን ማለቴ ነው።

ቪዲዮ ላይ በ10 ደቂቃ ያጸዳል። እዚህስ?

ቪዲዮውን ደግማችሁ እዩትና ምን እየሳበ እንደሆነ ልብ በሉ። ቅጠል ነው። ብዙዎቹ የተቀረጹት ከብርዱ ወራት በፊት ዛፍ ቅጠሉን በአንድ ጊዜ በሚያራግፍበት አገር ነው።

የእኛ አሸንዳ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። በጋውን ሙሉ አቧራ ይወርድበታል። ጎረቤት ቤት እየተሠራ ከሆነ አሸዋና ሲሚንቶ ይጨመርበታል። የካቲትና መጋቢት ላይ ትንሽ ዝናብ ይመጣና ያቦካዋል። ከዚያ ፀሐይ ያገኘዋል። ግንቦት ላይ ስትደርሱ ያ ነገር ጡብ ነው። ላዩ ላይ የርግብ ጎጆ፣ የልጆች ኳስ፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ታገኛላችሁ። አንድ ቤት ቲማቲም በቅሎ አግኝተናል፣ አበባ ይዞ። የቤቱ እማማ ከታች ሆነው "ልጄ፣ እሱን ተወው፣ ያፍራ" አሉ። ተውነው። ሐምሌ ላይ ውሃው ሳሎን ሲገባባቸው ደወሉ።

ክብደቱን ለማወቅ አንድ ስሌት ልስጣችሁ። አሸንዳው 12 ሳንቲሜትር ስፋት፣ 8 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ 10 ሜትር ርዝመት ቢኖረውና በጭቃ ቢሞላ ወደ 96 ሊትር ይይዛል። እርጥብ ጭቃ ከውሃ ስለሚከብድ ወደ 150 ኪሎ ይጠጋል። አሸንዳ መሃሉ ላይ እንደ ላላ ገመድ የሚረግበው ለዚህ ነው። ማሽኑ ያን ሁሉ ወደ 5 ሳንቲሜትር በሚሆን ቱቦ፣ በእጥፋት ዞሮ እንዲያልፍ ነው የምትጠይቁት።

እኔ ማሽኑን የገዛሁት ይህን ሳላሰላ ነው። የመጀመሪያው ቀን አያት አካባቢ አዲስ ሰፈር ነበርን፤ ግራ ቀኙ ግንባታ ነው። ገና ሦስት ሜትር ሳንሄድ እጥፋቱ ላይ ታፈነ። ዘንጉን አውርደን፣ ፈታተን፣ በዱላ ጎርጉረን ከፈትነው። እንደገና ታፈነ። አራተኛው ላይ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ምንም ሳይል ጀሪካኑን ይዞ መሰላሉ ላይ ወጣ። እኔ መሬት ላይ ቱቦ እየጎረጎርኩ እሱ ጨረሰው።

ከዚያ ወዲህ ዘዴው ገብቶኛል። አሸንዳው ደረቅ ጭቃ ከሆነ ቀድመን በጎማ እናርሰዋለን፣ አንድ ሰዓት ያህል እንተወዋለን፣ ከዚያ ነው የምንስበው። ያኔ ይሠራል። ግን ያ አንድ ሰዓትም የሥራ ሰዓት ነው፤ ደብተሩ ላይ ይግባ።

ማሽኑ በእውነት የሚያምርበት ቦታም አለ። ፈረንሳይ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ ግርጌ ያሉ ሰፈሮች። ባህር ዛፍ ወቅት አይጠብቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ቅጠልና ልጥ ያራግፋል። ጽድ ያለበት ግቢም እንደዚያው። ደረቅ ቅጠል ሲሆን ማሽኑ እንደ ቪዲዮው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "ማሽኑ ጥሩ ነው ወይ?" ሳይሆን "የእኔ ደንበኞች አሸንዳ ውስጥ ያለው ቅጠል ነው ወይስ ጭቃ?" ነው።

ስንት ቤት ብሠራ ነው ገንዘቤ የሚመለሰው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ። ቁጥሮቹን ለስሌት ብቻ እንደመረጥኳቸው ያዙልኝ።

ማሽኑ 200,000 ብር ነው እንበል። ከአንድ ቤት 3,000 ብር ትቀበላላችሁ። ለሠራተኛ፣ ለመኪና፣ ለነዳጅ 1,700 ወጥቶ 1,300 ይቀራል። 200,000ን ለ1,300 ስናካፍል 154 ቤት ይመጣል። "አንድ ዓመት አይሞላም!" ብላችሁ ትገዛላችሁ።

ግን ቆዩ። ያለ ማሽኑም ያን ቤት ትሠሩት ነበር። በጀሪካን ስትሠሩ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ የሚተርፋችሁ 900 ብር ነበር እንበል። እንግዲህ ማሽኑ ያመጣላችሁ 1,300 ሳይሆን ልዩነቱን፣ 400 ብር ነው። 200,000 ለ400 ሲካፈል 500 ቤት ነው። ከ154 ወደ 500!

አሁን የሥራ ቀናችሁን ቁጠሩ። ይህ ሥራ ዓመቱን ሙሉ የለም። ግንቦትና የሰኔ መጀመሪያ ትልቁ ወቅት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ስለሚበረታ የሚመጣው የድንገተኛ ጥሪ ነው። መስከረምና ጥቅምት እንደገና ትንሽ ይነቃል። ተደማምሮ 70 የሥራ ቀን አገኛችሁ፣ በቀን 4 ቤት ሠራችሁ እንበል፤ በዓመት 280 ቤት ነው። 500 ለመድረስ ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ያውም በቀን አራት ደንበኛ ካላችሁ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት አልነበሩኝም።

ስሌቱ የሚገለበጠው አንድ ጊዜ ነው፦ ማሽኑ ድሮ እምቢ የምትሉትን ሥራ ሲያመጣላችሁ። መሰላላችሁ ስለማይደርስ የመለሳችሁት ጂ ፕላስ 2 ቤት በማሽኑ ከተሠራ፣ ሙሉው ትርፍ የማሽኑ ነው። ደብተሩ ላይ እምቢ ያላችሁትን ጻፉ ያልኩት ለዚህ ነው። እዚያ ገጽ ላይ 40 ቤት ካለ ስለ ማሽን እናውራ። 3 ቤት ካለ አናውራ።

ለመሆኑ ዋጋው ስንት ነው?

እዚህ አልጽፍም፣ ጽፌ ሳልጨርስ ይለወጣል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ስትጠይቁ ግን የማሽኑን ብቻ አትጠይቁ። የዘንጉን፣ የቱቦውን፣ የማጣሪያውን፣ የሞተር ካርቦኑን (ሞተሩ ውስጥ እያለቀ የሚቀየረውን) ለየብቻ ጠይቁ፤ መለዋወጫው አሁን ሱቁ ውስጥ መኖሩንም በዓይናችሁ እዩ። "ይመጣል" የተባለ መለዋወጫ ሰኔ ላይ አይመጣም።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ልላክልህ ብላኛለች። ልቀበል?

እግዜር ይስጣት፣ ግን መጀመሪያ ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ትላክላችሁ። የአሜሪካ የቤት ሶኬት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ለ120 ብቻ የተሠራ ማሽን ሶኬታችን ላይ ስትሰኩት ለጥቂት ሰከንድ ከመጠን በላይ ይጮኻል፣ ከዚያ ይሸታል፣ አለቀ። ትራንስፎርመር ይሠራለታል፤ ግን ለእንዲህ ያለ ጉልበት የሚበቃ ትራንስፎርመር ራሱ ከባድ ዕቃ ነው፣ ከቤት ቤት ይዛችሁት ነው የምትዞሩት።

ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ ከሆነ ቮልቱ ይስማማል። ከአሜሪካ ዘንጉን ብቻ ብትልክ ደግሞ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ዘንግ ቮልት የለውም። የቱቦውን ውፍረት ለክታ ትንገራችሁ እንጂ፤ እነሱ በኢንች ነው የሚለኩት።

መብራት ሲጠፋስ? ጄነሬተር አብሬ ልግዛ?

መብራት መጥፋቱ ያለ ነው፣ ግን እዚህ ላይ ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ግፊቱ ባህር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል። 3 ኪሎዋት የሚል ጄነሬተር እዚህ ወደ 2.3 ኪሎዋት ነው የሚሰጣችሁ። ቫኪዩም ደግሞ ሲነሳ ከተጻፈበት በላይ ይጎትታል። 3,000 ዋት ማሽን በ3 ኪሎዋት ጄነሬተር አስነስታችሁ "ጄነሬተሩ ተበላሸ" እንዳትሉ።

የቫኪዩሙ የመሳብ ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ የሚስበው ያንኑ የሳሳ አየር ነውና። አምራቹ 12 ሜትር ይደርሳል ካለ፣ እዚህ ያን ያህል አትጠብቁ። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ፊት ለፊት፣ በሙሉ ዘንጉ፣ እርጥብ አሸዋ አስስቡት። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ከመሬት ሆኜ ስለምሠራ አደጋ የለውም አይደል?

የመውደቅ አደጋው ይቀንሳል። የኤሌክትሪኩ ግን ሊጨምር ይችላል፣ ይህን ቀልድ እንዳታደርጉት። ውድና ቀላል የሚባሉት ዘንጎች ካርቦን ፋይበር ናቸው፤ ካርቦን ፋይበር ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አሉሚኒየምም ያስተላልፋል። ሰፈሮቻችንን ታውቋቸዋላችሁ፣ የመብራት ሽቦ ከቆርቆሮ ጫፍ አጠገብ ነው የሚያልፈው። 9 ሜትር ዘንግ ቀና ሲል ጫፉ የት እንዳለ ከታች አይታይም። ሽቦ ካለበት ጎን ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ፤ የማይቻል ከሆነ ያን ጎን አትሥሩት። ፋይበር ግላስ ዘንግ ይከብዳል፣ ክንድ ያደክማል፣ ግን እኔ እሱን ነው የምይዘው።

መሰላልም ቢሆን አይቀርም። መውረጃ ቱቦው አፍ ላይ የተወተፈውን የሚያወጣው እጅ ነው። በየ4 ሜትሩ ከፍታ እግሩን ከግድግዳው 1 ሜትር አርቁ። ከጣሪያው ጫፍ አንድ ሜትር ያህል ይለፍ። አሸንዳው ላይ አታስደግፉ፣ ይታጠፋል። ከባህር ዛፍ በሚስማር የተመታውን መሰላል ደግሞ ለግንበኞች ተዉላቸው። ቆርቆሮ ላይ መራመድ ካለባችሁ ሚስማሩ የተመታበትን መስመር ተከትላችሁ ርገጡ፣ ከሥሩ እንጨት አለና። አሮጌ የአስቤስቶስ ጣሪያ ላይ ግን ጨርሶ አትውጡ፤ በግፊት ውሃም አትንኩት።

ሠራተኛ ካላችሁ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደህንነት መሣሪያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። ሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም ጥፋቱ የእናንተ ባይሆን እንኳ ተጠያቂ ናችሁ። ስለዚህ ገንዘባችሁ ለማሽን ወይ ለቀበቶና ለኢንሹራንስ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ምርጫው አልቋል።

ላቫጆ ማሽን አለኝ፣ አይበቃኝም?

ለማጠቢያ ይበቃል፣ ለማውጫ አይበቃም። ጭቃውን ሳታወጡ በግፊት ውሃ ከመታችሁት፣ ግማሹ ግድግዳው ላይ ይረጫል፣ ግማሹ መውረጃ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ይቆማል። ነጭ ግድግዳ ካለው ቤት ቀለም ከፍላችሁ ትወጣላችሁ። ከወጣ በኋላ ግን ለማለቅለቅ አሪፍ ነው። ትንሹ እንኳ በሰዓት 400 ሊትር ገደማ ውሃ ስለሚፈልግ፣ የሰፈሩ የውሃ ፈረቃ መቼ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

በብድር ልግዛው?

በሊዝ ፋይናንስ ማሽኑ ራሱ ዋስትና ሆኖ የሚገዛበት መንገድ አለ፤ ልማት ባንክም የካፒታል ዕቃ ሊዝ ድርጅቶችም ይሠሩበታል። ለዚህች ዕቃ ግን ወረቀቱ ከማሽኑ የሚከብድ ይመስለኛል። እቁብ ይሻላል። እኔ በእቁብ ነው የገዛሁት፣ የተጸጸትኩት በማሽኑ እንጂ በእቁቡ አይደለም።

ደንበኛው የግል ቤት ይሻላል ወይስ ድርጅት?

የግል ቤት የሚደውለው ውሃ ከገባበት በኋላ ነው። ቶሎ ይከፍላል፣ በሚቀጥለው ዓመት ግን እስኪገባበት ይረሳችኋል። ድርጅት፣ ትምህርት ቤት፣ መጋዘን ሌላ ነው። አሸንዳው ረጅም ነው፣ አንድ ግቢ ውስጥ ብቻ 80 ሜትር ትሠራላችሁ፣ ማሽን የሚያዋጣውም እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ግን ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባሉ፣ ንግድ ፈቃድና ደረሰኝ ይጠይቃሉ፣ ክፍያውም ይዘገያል። የእቁብ ቀን ግን አይዘገይም፣ ይህን አስቡበት።

ኮንዶሚኒየም ላይ ተስፋ አድርጌ ነበር። የጂ ፕላስ 4 አሸንዳ ከፍታው ለአብዛኛው ዘንግ አስቸጋሪ ነው። ገንዘቡም ከጋራ መዋጮ ስለሚወጣ ኮሚቴው እስኪስማማ ዝናቡ ይቆማል። ውኃ የሚገባበት የመጨረሻው ፎቅ ነዋሪ ብቻ ነው፤ ምድር ቤት ያለው ሰውዬ ለምን ያዋጣል?

ማሽን ያለው ሰው ካገኘሁ መከራየት ይሻላል?

በጣም። ወይም ሁለት ሦስት ሆናችሁ ግዙ። ጣጣው ሁላችሁም ግንቦት መጨረሻ ላይ መፈለጋችሁ ነው። ቀን በቀን ተከፋፍላችሁ በወረቀት ጻፉት፤ ማጣሪያ ሲቀደድ ማን እንደሚገዛም ጻፉ። ጓደኛ ነን ብላችሁ አትለፉት።

ከወቅቱ ውጪ ማሽኑ ምን ይሠራል?

ዘንጉን ነቅላችሁ ምንጣፍና ሶፋ ታጥቡበታላችሁ፣ ግንባታ ያለቀበት ቤት አቧራ ትስቡበታላችሁ፣ ምድር ቤት የገባ ውሃ ታወጡበታላችሁ። የእኔ ማሽን ከአሸንዳ ይልቅ በዚህ ነው ዋጋውን የመለሰው። ዘንጉ ግን ብዙውን ዓመት ቤቴ ኮሪደር ላይ ተጋድሟል፤ ባለቤቴ ልብስ ታሰጣበታለች።